ዕፅዋትና እንስሳት እንዴት ይተነፍሳሉ? ከአበባው ይልቅ ማንደጃውን እንፍራ

(በሬዲዮ የቀረበ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ሆኖ የተዘጋጀ)



በዛሬው ዝግጅታችን የምንነጋገረው ሁላችንም ሳናስበው ቀንና ሌሊት ስለምንፈጽመው ነገር፣ ስለ መተንፈስ ነው። ሰውና እንስሳ እንደሚተነፍሱ የማያውቅ የለም። ዕፅዋትስ? ከጓሯችን ያለው ቡና፣ በማሳው ያለው በቆሎ፣ በጣሳ ተክለን በመስኮት ላይ ያስቀመጥነው አበባ ይተነፍሳሉን? የሚተነፍሱ ከሆነስ ሳንባ ሳይኖራቸው በምን ይተነፍሳሉ?

ይህን ርዕስ የመረጥነው ለዕውቀት ያህል ብቻ አይደለም። በነቀምትም ሆነ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ ክረምቱ ረዥም ነው፤ ሌሊቱም ይበርዳል። በእንዲህ ዓይነቱ ወቅት በብዙ ቤቶች ሁለት ልማዶች ጎን ለጎን ይታያሉ። አንደኛው፣ «አበባ ሌሊት የሰውን ትንፋሽ ይሻማል» በማለት የአበባውን ጣሳ ከመኝታ ክፍል አውጥቶ በረንዳ ላይ ማሳደር ነው። ሁለተኛው፣ ከዒሻ ሰላት በኋላ ቡና የተፈላበትን ማንደጃ «ፍሙ ቤቱን ያሙቅልን» ብሎ በርና መስኮት ዘግቶ መተኛት ነው። ከእነዚህ ሁለቱ ሰው የሚገድለው የትኛው ነው? መልሱን ለማግኘት የመተንፈስን ነገር ከሥሩ መረዳት ያስፈልጋል። ስለዚህ እስከ መጨረሻው አብራችሁን ቆዩ።

መተንፈስ ማለት ምንድን ነው?

በተለምዶ መተንፈስ ስንል አየር ወደ ውስጥ ስበን መልሰን ማስወጣታችንን ነው። ይህ ግን የነገሩ ግማሽ ብቻ ነው። ዋናው ሥራ የሚሠራው በዓይን በማይታዩት በሰውነታችን ሕዋሳት ውስጥ ነው።

ከሰል ሲነድ ምን እንደሚሆን እናስተውል። ከሰሉ ከአየር ውስጥ ኦክስጅን የተባለውን ጋዝ ይወስዳል፤ ሙቀት ይሰጣል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለ ሌላ ጋዝ ያወጣል። አየር ካላገኘ ይጠፋል፤ ስናራግበው ይፋፋማል። የበላነው እንጀራ፣ ገንፎና ቂጣ በሆዳችን ከተፈጨ በኋላ ግሉኮስ ወደሚባል ስኳር ይለወጥና በደም አማካይነት ወደ ሕዋሳት ይደርሳል። በዚያም ማይቶኮንድሪያ በሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ክፍሎች ውስጥ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ቀስ በቀስ ይቃጠላል። ነበልባል የለውም፤ ጢስም የለውም። ነገር ግን ጉልበት ይሰጣል፣ ሰውነታችንን ያሞቃል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ያወጣል። በብርድ ማለዳ በአፋችን የሚወጣው እንፋሎት የዚህ ውሃ ምልክት ነው። የመተንፈስንና የመንደድን ዝምድና በሚገባ ያስረዳው ፈረንሳዊው ሊቅ ላቮይዚየ ሲሆን ምርምሩን ያካሄደው በ1780ዎቹ እ.ኤ.አ. ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር እንያዝ። ይህ በሕዋስ ውስጥ የሚካሄደው ዝግ ያለ ቃጠሎ በሰውም፣ በበግም፣ በዓሣም፣ በቡና ዛፍም በመሠረቱ አንድ ነው። ማይቶኮንድሪያ በእንስሳም በዕፅዋትም ሕዋስ ውስጥ አለ። ሁሉም ስኳርና ኦክስጅን ይወስዳል፤ ሁሉም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ልዩነቱ ያለው አየሩ ወደ ሕዋሱ በሚደርስበት መንገድ፣ በፍጥነቱና ምግቡ በሚገኝበት ሁኔታ ላይ ነው።

እንስሳት አየርን እንዴት ያደርሳሉ?

እንስሳ ይንቀሳቀሳል፤ ይሮጣል፤ ይሸከማል። ስለዚህ ብዙ ጉልበት በአጭር ጊዜ ይፈልጋል። ይህን የሚያሟላለት ልዩ የመተንፈሻ አካል ተሰጥቶታል። በሰው ዘንድ ይህ አካል ሳንባ ነው። ጤነኛ ትልቅ ሰው ዐርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ያህል ይተነፍሳል። በሳንባችን ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉ። እያንዳንዱ ከረጢት በቀጫጭን የደም ሥሮች የተከበበ ነው። ኦክስጅን በዚያ በኩል ወደ ደም ይገባል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ከደም ወደ ሳንባ ይወጣል። የምንስበው አየር 21 በመቶ ያህል ኦክስጅን ይዟል፤ የምናስወጣው ግን 16 በመቶ ያህል ብቻ ይኖረዋል። በአንጻሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ0.04 በመቶ ወደ 4 በመቶ ገደማ ያድጋል።

ደም ከልብ ወደ ሳንባ ሄዶ፣ በዚያ ከአየር ጋር ተገናኝቶ፣ ወደ ልብ እንደሚመለስ ቀድሞ የጻፈው ሙስሊሙ ሐኪም ኢብን አን-ነፊስ መሆኑን ማስታወስ ደስ ያሰኛል። በሶርያ ተወልዶ በካይሮ የሠራው ይህ ሊቅ በ1242 እ.ኤ.አ. የኢብን ሲናን የሕክምና መጽሐፍ የአካል ክፍል ሲያብራራ፣ ደም በልብ መካከል ባለው ግድግዳ ያልፋል የሚለው የጥንት አስተሳሰብ ስሕተት መሆኑን አስረድቷል። ጽሑፉ ለብዙ ዘመናት ተረስቶ ቆይቶ በ1924 እ.ኤ.አ. ሙሕየዲን አጥ-ጠጣዊ የተባለ ግብፃዊ ሐኪም በርሊን ውስጥ አግኝቶ ለዓለም አሳወቀው።

ከቆላው የዴዴሳ ሸለቆ ተነስቶ ወደ ነቀምት የሚወጣ ሰው የደጋውን አየር በትንፋሹ ያውቀዋል። ነቀምት ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ዳገቱን ስንወጣ ትንፋሻችን የሚፈጥነው፣ ልባችንም የሚመታው ይህን ጉድለት ለማካካስ ነው። የደጋ ነዋሪ ሰውነቱ ለምዶታል፤ እንግዳው ግን ጥቂት ቆም እያለ ያርፋል።

ሌሎች እንስሳትም እንደ አኗኗራቸው መንገዱ ተበጅቶላቸዋል። ዓሣ በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ባሉት፣ ስንጥብ በሚባሉት ቀያይ ክፍሎች አማካይነት በውሃ ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ይወስዳል። ንብና አንበጣ ሳንባ የላቸውም፤ በሰውነታቸው ጎን ባሉ ቀዳዳዎች የገባው አየር በቀጫጭን ቧንቧዎች በቀጥታ ወደ ሕዋሳቸው ይደርሳል። የምድር ትል በርጥብ ቆዳው ይተነፍሳል። ቆዳው ከደረቀ ታፍኖ ይሞታል። እንቁራሪት ደግሞ በሳንባዋም በቆዳዋም ትጠቀማለች።

ዕፅዋትስ?

ዛፍ ሳንባ የለውም፤ ስንጥብ የለውም፤ ኦክስጅን የሚያመላልስለት ደምም የለውም። አይሮጥም፤ ስለዚህ የሚፈልገው ጉልበት ጥቂት ነው። እያንዳንዱ የዛፍ ክፍል ለራሱ ይተነፍሳል ማለት ይቻላል። ቅጠሉ ለራሱ፣ ግንዱ ለራሱ፣ ሥሩም ለራሱ።

የቡና ቅጠል ገልብጠን በማጉያ መነጽር ብናየው፣ በጀርባው እጅግ ብዙ ጥቃቅን ቀዳዳዎች እናያለን። ቀዳዳዎቹ እንደ ከንፈር ይከፈታሉ፤ ይዘጋሉ። አየር የሚገባውና የሚወጣው፣ ውሃም በእንፋሎት መልክ የሚወጣው በእነዚሁ ነው። በግንዱና በቅርንጫፉ ልጥ ላይም አየር የሚያሳልፉ ስንጥቅጥቅ ነጠብጣቦች አሉ። ሥር ደግሞ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለውን አየር ይወስዳል።

ብዙዎቻችን የማናስተውለው ይህንን የሥርን መተንፈስ ነው። በነቀምት አካባቢ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይጥላል። ውሃ በሚያቁር ማሳ ላይ የተዘራ በቆሎ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሲቀጭጭ ገበሬው «ውሃ በዛበት» ይላል። እውነት ነው፤ ግን ውሃው ራሱ መርዝ ሆኖበት አይደለም። በአፈሩ መካከል የነበረውን አየር ውሃው አስወጥቶ ቦታውን ስለያዘበት ሥሩ ታፍኖ ነው። ቦይ ቀድዶ ማሳውን ማጠንፈፍ ለበቆሎው መስኮት እንደ መክፈት ነው። ቤታችን ውስጥ በጣሳ የምንተክለው አበባም እንዲሁ ነው። ከጣሳው ሥር ቀዳዳ ካላበጀንለትና ጧት ማታ ውሃ ካጠጣነው በደግነታችን እናፍነዋለን።

ታዲያ በረግረግ የሚኖሩ ዕፅዋት እንዴት ይችሉታል? ቡና ሲፈላ የምንጎዘጉዘውን ቄጤማ እንውሰድ። እግሩ በጭቃና በውሃ ውስጥ ነው፤ ነገር ግን አይታፈንም። ግንዱን ቆርጠን ብንመለከት ውስጡ እንደ ስፖንጅ ባዶ ባዶ ሆኖ እናገኘዋለን። ከላይ የገባው አየር በእነዚያ ባዶ ስፍራዎች እየወረደ ሥሩን ያስተነፍሰዋል። ሩዝም በውሃ ውስጥ ቆሞ የሚያፈራው በዚሁ ዘዴ ነው።

ኦክስጅን ሲጠፋም ሁለቱ ወገኖች ይለያያሉ። ሰው በኃይል ሲሮጥ ጡንቻው የሚበቃውን ያህል ኦክስጅን ካላገኘ ላክቲክ አሲድ ይሠራል። በውሃ የተዋጠ የበቆሎ ሥር ግን በአብዛኛው አልኮል ይሠራል፤ ሲጠራቀምበትም ይጎዳዋል። ኦክስጅን ሳይኖር ስኳርን የመሰባበሩ ሥራ ምን እንደሚመስል ለማየት የፈለገ የጤፍ ሊጥ ይመልከት። በሊጡ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ሕያዋን የሚያወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው ኩፍ የሚያደርገው። በምጣዱ ላይ የእንጀራውን ዓይኖች የሚያወጣውም ይኸው ጋዝ ነው።

ቀን ሌላ፣ ሌሊት ሌላ ይመስላል

አሁን ወደ ትልቁ ልዩነት ደርሰናል። እንስሳ ምግቡን ከውጭ ይበላል፤ ዕፅዋት ግን ምግባቸውን ራሳቸው ይሠራሉ። ቅጠሉ በፀሐይ ብርሃን ጉልበት ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድን፣ ከሥሩም ውሃን ወስዶ ስኳር ይሠራል፤ የተረፈውን ኦክስጅን ወደ አየር ይለቀዋል። ይህ ሥራ ብርሃን አስተጻምሮ ይባላል። ከመተንፈስ ጋር ሲነጻጸር የተገላቢጦሽ ነው።

ይህን ያገኙት ሰዎች ታሪክ ትምህርት አለው። በ1771 እ.ኤ.አ. ጆሴፍ ፕሪስትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሻማ አብርቶ በብርጭቆ ክዳን ሸፈነው። አየሩ ሲበላሽ ሻማው ጠፋ። በዚያው በተበላሸ አየር ውስጥ የናና ቅርንጫፍ አኖረ። ከቀናት በኋላ በዚያ አየር ውስጥ ሻማ ዳግም ነደደ፤ አይጥም ታፍና ሳትሞት ቆየች። ተክሉ አየሩን አድሶታል ማለት ነው። ነገር ግን ሙከራው አንዳንድ ጊዜ ይሳካል፣ አንዳንድ ጊዜ አይሳካም ነበር። ምክንያቱን በ1779 እ.ኤ.አ. የገለጠው ኢንገንሃውስ የተባለ የሆላንድ ሐኪም ነው። ተክሉ አየሩን የሚያድሰው ብርሃን ሲያገኝ ብቻ ነው፤ በጨለማ ግን እንደ እንስሳ አየሩን ያበላሻል ሲል አስረዳ።

ከዚህ በመነሳት ብዙ ሰው፣ አንዳንዴም ተማሪ፣ «ዕፅዋት ቀን አይተነፍሱም፤ ሌሊት ብቻ ነው የሚተነፍሱት» ይላል። ይህ ስሕተት ነው። ዕፅዋት ቀንም ሌሊትም ሳያቋርጡ ይተነፍሳሉ። ቀን ግን የምግብ ሥራው ስለሚበልጥ የሚለቁት ኦክስጅን ከሚወስዱት በብዙ ይበልጣል፤ ትንፋሻቸውም ይሸፈናል። ሌሊት የምግብ ሥራው ሲቆም ትንፋሻቸው ብቻውን ይቀርና ይታወቃል። በገበያ ቀን ከጫጫታው የተነሳ የማይሰማ የወፍጮ ድምፅ፣ ገበያው ሲበተን ጎልቶ እንደሚሰማ ማለት ነው። ወፍጮው ሥራውን የጀመረው ማታ አይደለም። አንድ ተክል በዕድሜው ካዘጋጀው ስኳር ግማሽ ያህሉን ለራሱ ትንፋሽ ያውለዋል። ቀሪው ነው ግንድ፣ ቅጠልና ፍሬ የሚሆነው።

እንግዲህ ልዩነቱን ባጭሩ እንጠቅልለው። አንደኛ፣ እንስሳ ለመተንፈሻ የተለየ አካልና አብዛኛውን ጊዜም አየሩን የሚያጓጉዝ ደም አለው፤ ዕፅዋት ግን በየክፍላቸው በቀጥታ ይተነፍሳሉ። ሁለተኛ፣ የእንስሳ ትንፋሽ ፈጣንና ብዙ ነው፤ የዕፅዋት ዝግ ያለና ጥቂት ነው። ሦስተኛ፣ እንስሳ ኦክስጅንን ይጠቀማል እንጂ አይሠራም፤ ዕፅዋት ግን ከሚጠቀሙት በላይ ይሠራሉ።

እህልም ይተነፍሳል

«ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ጎተራ የገባ እህልስ?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ደረቅ ቢመስልም የበቆሎ ፍሬ ሕይወት አለው፤ ሲዘራ የሚበቅለውም ለዚህ ነው። ሕይወት ካለው ደግሞ ይተነፍሳል። በደንብ የደረቀ ፍሬ ትንፋሹ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ለዓመት ይቆያል። እርጥበቱ ከ14 በመቶ አልፎ ሲሄድ ግን ትንፋሹ በፍጥነት ይጨምራል። ሲተነፍስ ይሞቃል፣ ውሃም ያወጣል፤ ሙቀቱና ውሃው ሻጋታንና ነቀዝን ይጋብዛሉ፤ እነርሱም በተራቸው ይተነፍሱና የበለጠ ያሞቁታል። እጃችንን ወደ ጎተራው ብንከት የምናገኘው ሙቀት እህሉ ራሱን እየበላ መሆኑን የሚናገር ምልክት ነው። የሻገተ በቆሎ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ሊኖረው ስለሚችል ታጥቦም ሆነ ተፈጭቶ ለቤተሰብ መቅረብ የለበትም።

በወለጋ ጎምቢሳ የሚባለው በእንጨት የሚሠራው ጎተራ ከነቆረቆንዳው የተከማቸውን በቆሎ ነፋስ እንዲያገኘው ያደርጋል። ይህ የአባቶች ብልሃት ነው። ከተፈለፈለ በኋላ ግን መድረቁን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ቀላል መፈተኛ እነሆ። ፍጹም የደረቀ የብርጭቆ ጠርሙስ እንወስዳለን። ሲሶውን ያህል በቆሎ ጨምረን ጥቂት ማንኪያ ደረቅ ጨው እናክልበታለን። ከድነን አንድ ደቂቃ ያህል እንንጠውና 15 ደቂቃ እናቆየዋለን። ጨው ከጠርሙሱ ጎን ላይ ተጣብቆ ከቀረ የእህሉ እርጥበት ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ ወደ ፀሐይ ይመለስ።

ቡናም እንዲሁ ነው። ለገበያ «ለቀምት» በሚለው የነቀምት የቀድሞ ስም የሚታወቀው የወለጋ ቡና በአብዛኛው ከነገለፈቱ በፀሐይ የሚደርቅ ነው። እሸት ቡና ተከምሮ ካደረ ክምሩ ይሞቃል፤ ይብላላል፤ ጣዕሙም ይበላሻል። በአልጋ ላይ አሳስቶ አስጥቶ ቶሎ ቶሎ ማገላበጥ የሚመከረው ለዚህ ነው።

ይኸው የመተንፈስ ዕውቀት መፍትሔም ሰጥቷል። በአገራችን ገበያ ፒክስ የሚባል ሦስት ሽፋን ያለው ከረጢት ይገኛል። ከውጭ የተለመደው ማዳበሪያ፣ ከውስጥ ደግሞ አየር በቀላሉ የማያሳልፉ ሁለት ላስቲኮች አሉት። በደንብ የደረቀ እህል ሞልተን አንድ በአንድ አጥብቀን ስናስረው፣ ውስጥ የቀረው ነቀዝ የተረፈውን ኦክስጅን በትንፋሹ ይጨርስና መብላትም መራባትም ያቆማል። ያለ ምንም መርዝ፣ በራሱ ትንፋሽ ይሸነፋል። እርጥብ እህል ግን በዚህ ከረጢት መግባት የለበትም።

ነቀዙን የሚገድለው አየር ሰውንም እንደሚገድል አንርሳ። ሐረርጌን በመሳሰሉ አካባቢዎች እህል በጉድጓድ ይከማቻል። ተዘግቶ በቆየ ጉድጓድ ውስጥ እህሉና ነቀዙ ኦክስጅኑን ጨርሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞልተውበታል። ሳይናፈስ ወዲያው የሚገባ ሰው ራሱን ስቶ ይወድቃል፤ ሊያወጣው ተከትሎት የሚገባውም ይወድቃል። ጉድጓዱ ተከፍቶ በደንብ ሳይናፈስ፣ ከላይም ገመድ የያዙ ሰዎች ሳይኖሩ ማንም አይግባ።

አበባው ወይስ ማንደጃው?

አሁን ወደ መነሻ ጥያቄያችን እንመለስ። አበባ ሌሊት ኦክስጅን ይወስዳል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ያወጣል። ይህን ያህሉ እውነት ነው። ግን መጠኑ ስንት ነው? በጣሳ ያለ መካከለኛ አበባ በአንድ ሌሊት የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጥቂት ግራም ቢሆን ነው። አጠገባችን የተኛው ሰው በዚያው ሌሊት ከመቶ ግራም በላይ ያወጣል። ከባለቤቱ ወይም ከወንድሙ ጋር በአንድ ክፍል ለመተኛት ያልፈራ ሰው አበባ የሚፈራበት ምክንያት የለውም።

ማንደጃውስ? አንድ ኪሎ ግራም ከሰል ነዶ ሲያልቅ ወደ ሦስት ኪሎ ግራም የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ሌላ ጋዝ ነው። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ያወጣል። ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ ዓይን አያቃጥልም፤ አያስልም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሂሞግሎቢን የሚባለው ንጥረ ነገር ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይይዘዋል። አንዴ ከያዘው ቶሎ አይለቀውም። ሰውየው ይተነፍሳል፤ ደረቱ ይነሳል ይወርዳል፤ አየርም ይገባል። ነገር ግን ደሙ ኦክስጅን የሚጭንበት ቦታ ስለሌለው ሰውነቱ በትንፋሽ መካከል ይታፈናል። ከተኛ ደግሞ ሳይነቃ ይሞታል።

እዚህ ላይ የዕፅዋትና የእንስሳት ልዩነት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዕፅዋት ኦክስጅንን በደም ስለማያመላልሱ ሰውን በሚገድለው መጠን አበባው አይጎዳም። በዚያ ቤት ውስጥ ሌሊቱን ያደረ አበባ ንጋት ላይ ለምለም ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ያላገጠጠ፣ ያልጠወለገ፣ ምንም ያልነገረን አበባ! ስለዚህ ማስጠንቀቂያ ከእርሱ አንጠብቅ።

ሰዎች የሚሳሳቱባቸውን ጥቂት ነገሮች እንጥቀስ። «ጭሱ አልቆ ጥሩ ፍም ከሆነ አይጎዳም» ይባላል፤ ስሕተት ነው። የማይታየው ጋዝ ከቀላው ፍምም፣ አመድ ከለበሰውም ይወጣል። «ከማንደጃው አጠገብ በጎድጓዳ ሳህን ውሃ ከተቀመጠ ይበቃል» ይባላል፤ ይህም አያድንም፤ ውሃ ጋዙን አይውጥም። «ቆርቆሮ ቤት ስለሆነ አየር ያስገባል» የሚለውም መተማመኛ አይሆንም። ነፍሰ ጡር እናት፣ በማኅፀኗ ያለው ፅንስ፣ ሕፃናትና አረጋውያን ከሌላው ይልቅ ይጎዳሉ። አራስ ቤትን ለማሞቅ ከሰል አስገብቶ በር መዝጋት፣ ለእናቲቱና ለልጇ የታሰበውን ደግነት ወደ አደጋ ይለውጠዋል።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፤ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ የጉልበት መክዳት፣ ግራ መጋባት። በአንድ ቤት ያሉ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸውና ቤት ውስጥ ከሰል ካለ ነገሩ ጉንፋን ነው ብለን አንለፈው። በርና መስኮቱን ከፍተን ሁሉንም ወደ ውጭ እናውጣ። ራሱን የሳተውን ሳንዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል እናድርስ፤ ሕክምናው ኦክስጅን ነው። ወተት ማጠጣትና ሎሚ ማሽተት ጋዙን ከደም አያወጡትም። በተለይ ራሱን በሳተ ሰው አፍ ምንም ነገር ማፍሰስ ወደ ሳንባው ገብቶ ሊያንቀው ይችላል። ሊረዳ የሚገባውም ሰው ቅድሚያ በሩን ይክፈት፤ እርሱም እንዳይወድቅ ቶሎ ገብቶ ቶሎ ይውጣ።

ውድ አድማጮችና አንባብያን!

የዛሬውን ንግግራችንን በሦስት ምክሮች እንዝጋ። የመጀመሪያው ለልጆቻችን ነው። ለሁለት ቀን ያህል ውሃ ጠጥቶ ማጎንቆል የጀመረ ባቄላ በጠርሙስ ውስጥ ግማሽ ያህል ሞልታችሁ አጥብቃችሁ ክደኑትና አሳድሩት። በማግስቱ ትልቅ ሰው ባለበት ክዳኑን ከፍታችሁ የተለኮሰ ክብሪት ወደ ውስጥ አስገቡ። እሳቱ ወዲያው ይጠፋል። ባቄላው ኦክስጅኑን ተንፍሶ ጨርሶታል። ዕፅዋት እንደሚተነፍሱ ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም።

ሁለተኛው ለገበሬዎቻችንና ጎተራ ላላቸው ሁሉ ነው። እህላችሁ ሕያው መሆኑን አትርሱ፤ ሳይደርቅ አትዝጉበት።

ሦስተኛው ለእናቶች፣ ለአባቶችና ለቤት ኃላፊዎች ሁሉ ነው። ነፍስ አላህ (ሱ.ወ.) የሰጠን አማና ናት፤ የቤተሰቡ ነፍስ ደግሞ በእጃችን ያለ አማና ነው። ዛሬ ማታ ቡናው ተፈልቶ ሲያበቃ ማንደጃውን ወደ ውጭ እናውጣ። ፍሙን በውሃ እናጥፋው፤ ብርዱን በብርድ ልብስ እንከላከል። አበባው ግን ከመስኮቱ ሥር ይደር። እርሱ ጥቂት ተንፍሶ ያድራል፤ ንጋት ላይ ብርሃን ሲያገኝ የወሰደውን ከነትርፉ ይመልሳል። እኛም ኢንሻአላህ ለሱብሒ ሰላት በሰላም እንነሳለን።

በሌላ ርዕስ እስከምንገናኝ፣ ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ!